እትዬ ሙሉ ሳያውቁ የዋሉባት ቅዳሜ

ከዝዋይ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ከሰፈሬ ሰዎች ብዙዎቹ ሐይቅን የሚያውቁት ከግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ስለሆነ፣ በር ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ውኃው እንዴት ነው? ከጣና ይበልጣል?» እያሉ ይጠይቁኛል። እኔም ጣናን አይቼ ስለማላውቅ «ትልቅ ነው» ብቻ እላለሁ። ስለቀረው ነገር ግን ማንም አይጠይቀኝም። እዚህ ሐይቁንም የቀረውንም እንደሆኑት፣ ቀን በቀን እጽፋቸዋለሁ።

ዓርብ

እትዬ ዘነበች ያረፉት ዓርብ ሊነጋጋ ሲል ነው። የእሳቸውን ቤትና የእኛን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። በእኛ ሰፈር፣ በእሪ በከንቱ፣ ሰው ሲያስነጥስ «ይማርሽ» የሚለው ከግድግዳው ወዲያ ያለው ጎረቤት ነው። ልጃቸው ብርሃኑ ግድግዳውን በቡጢ ሲደበድብ ቀድሜ የነቃሁት እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ፊደል ያስቆጠሩኝ ሴት፣ አልጋቸው ላይ እንደተኙ ቀርተው ነበር።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የእድሩ ሽማግሌዎች እኛ ቤት ተሰበሰቡ። የድንኳኑና የወንበሩ ጉዳይ ወዲያው አለቀ። ያላለቀው የእትዬ ሙሉነሽ ጉዳይ ነበር። እትዬ ሙሉ የሟቿ ብቸኛ እህት ናቸው። ከባለቤታቸው ከልብስ ሰፊው ከጋሽ አበራ ጋር ከእኛ በላይ ባለው ግቢ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኖረዋል። ግቢው ለልማት ሲፈርስ «ከተማ ዳር፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ከምንሰቀል» ብለው ዝዋይ፣ ሐይቁ ዳር ወዳለው የጋሽ አበራ አባት ቦታ ሄዱ።

«በስልክ አይነገራትም» አሉ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ክፍሌ።

ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። እናታቸው የሞቱ ጊዜ አንድ ዘመድ በስልክ ነግሯቸው፣ አትክልት ተራ መሐል ዘንቢላቸውን እንደያዙ ወድቀው ሳምንት ሙሉ ሆስፒታል ተኝተዋል። ሐኪሙም ልባቸውን እንዲጠብቁ አስጠንቅቋቸዋል።

«ሽማግሌ ይሄዳል» አሉ ጋሽ ክፍሌ። «እንደ ወጉ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ዙሪያዋን ከቦ ይነገራታል።»

«ቀብሩ እኮ ነገ ነው» አለች እናቴ። «ነገ ቀብረን ከሄድን መርዶው እሑድ ሊሆን ነው። የእህቷን ቀብር ሳታይ?»

«ከሁለት ቀብር አንድ ይሻላል።»

ከዚህ በኋላ የተከራከረ የለም። ይሁን እንጂ እስከ እሑድ ድረስ ፒያሳ ውስጥ ወሬውን የሰማ ሁሉ ሊደውልላቸው ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው ቀድሞ ሄዶ አብሯቸው መዋል ነበረበት። ለቀስተኛ የማይመስል፣ በክረምት ዕረፍቱ ሊጠይቃቸው የመጣ የሚመስል ሰው። እኔ ስድስት ኪሎ አንደኛ ዓመቴን ጨርሼ ቤት ተቀምጫለሁ።

«እኔ እሄዳለሁ» አልኩ።

ማንም አላዘዘኝም። ሽማግሌዎቹ እየተቀባበሉ መረቁኝ፤ «የተማረ ሰው እንዲህ ነው» ያሉም ነበሩ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። እትዬ ዘነበች ከግድግዳው ወዲያ ተገንዘው ሳለ እኔ ፈተና ያለፍኩ ያህል ደስ አለኝ። ጋሽ ክፍሌ መመሪያቸውን ሰጡኝ፦ የሁለቱም ስልክ እንዳይጠራ፤ ፊትሽ እንዳይጠቁር፤ ለአበራም ቢሆን እንዳትነግሪ።

«ለጋሽ አበራ እንኳ?»

«አበራ ሆዱ ውስጥ ምን ያድራል? ልኬት ሲወስድ የሰዉን ቦርጭ ስንት ሴንቲ እንደሆነ ለሰፈሩ የሚያወራ ሰው!»

እናቴ የለበስኩትን ጥቁር ሹራብ አስወልቃ ቀዩን አለበሰችኝ።

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ፒያሳ ወጥቼ፣ እትዬ ሙሉ የሚወዱትን ክሬም ያለበት ኬክ በካርቶን አስጠቀለልኩ። ባዶ እጅ መሄድ ያስጠረጥራል ብዬ ነው። ከዚያ በታክሲ ለገሃር፣ ከለገሃር ቃሊቲ መናኸሪያ ገባሁ። መናኸሪያው ጭቃ በጭቃ ነበር። ረዳቶች «መቂ ዝዋይ! አንድ ሰው! ሞላ!» ይላሉ፤ «ሞላ» ያሉት መኪና ውስጥ ሦስት ሰው ተቀምጧል። አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅን።

አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ከመቂ ቲማቲም አምጥተው አትክልት ተራ አራግፈው የሚመለሱ ነጋዴ ነበሩ። ሰፈሬን ስነግራቸው «የኔን ቲማቲም የምትበዪ ልጅ ነሽ በይኛ!» ብለው ሳቁ። ሲቀመጡ ኬኩ ላይ ነበር የተቀመጡት። ካርቶኑ ሲንኮሻኮሽ ዘለው ተነሡ፤ «ውይ በሞትኩት! ለማን ነው የያዝሽው?»

«ለአክስቴ ነው። ዘመድ ጥየቃ ነው የምሄደው።»

«በዚህ ዝናብ? እንዳንቺ ያለ ልጅ ለኔም ይስጠኝ» አሉ፤ ሞጆ ላይም በቆሎ እሸት ገዝተው ግማሹን ሰጡኝ። የመጀመሪያውን ውሸት የዋሸሁት ለማላውቃቸው ሴት ነው፤ ለእሱም በቆሎ ተሸለምኩ።

ከሞጆ በኋላ ዝናቡ እንደ መጋረጃ ከኋላችን ቀረ። ዝዋይ ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። በእኛ ሰፈር በዚህ ወር ሰው ጋቢ ለብሶ ይንዘፈዘፋል፤ እዚያ በካናቴራ ይሄዳሉ። የእኛ ሰፈር መንገድ ቁልቁለት ሆኖ እግር ሲያንሸራትት ይኖራል፤ የእነሱ እንደ ትሪ ዝርግ ነው። ባጃጁ ሐይቁ ዳር አደረሰኝ። ውኃው ቡናማ ነው፣ እንደ ቀን መቁጠሪያው ሰማያዊ አይደለም።

እትዬ ሙሉ ከአጥሩ በር ላይ አዩኝ። «ሜሮን! ኸረ ሜሮን ናት! አቤ፣ ና! የእሪ በከንቱ ልጅ መጣች!» እያሉ እየሮጡ መጥተው አቀፉኝ። ልባቸው ደረቴ ላይ ሲመታ ተሰማኝ። እኔም በዚያች ሰዓት የማስበው ስለዚያ ልብ ብቻ ነበር።

ግቢያቸው ከእኛ ሰፈር አሥር ቤት ያስገባል። በረንዳ ላይ አስቀምጠው ለብ ያለ ውኃ በሳፋ አመጡ። እግሬን ላጥብ አሉ። «ኸረ እትዬ፣ እኔ ነኝ የእርስዎን የማጥበው» ብልም እምቢ አሉ፤ «የአራዳን ጭቃ ልየው፣ ናፍቆኛል» አሉ። እያጠቡኝ ቀና አሉ።

«ዘኑዬ እንዴት ናት?»

«ደህና ናቸው።»

«ጉልበቷስ?»

«አሁን ተሽሏቸዋል።»

ጋሽ አበራ የተጨፈለቀውን ኬክ በጣታቸው ነካክተው «ይኼ ኬክ ሳይሆን አደጋ የደረሰበት ተሳፋሪ ነው» አሉ። የጾም ቀን ስለሆነ ለነገ ተቀመጠ። ሽሮ በላን። ከእራት በኋላ «ፎቶ ልላክልዎ» ብዬ የእትዬ ሙሉን ስልክ ተቀብዬ ጥሪ እንዳይገባበትም እንዳይወጣበትም አደረግሁት። የጋሽ አበራ ባለ ቁልፏ ስልክ ባትሪዋ ሊያልቅ ነበር፤ ቻርጀሯን ከግድግዳው ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ዕቃ ሰርቄ አላውቅም ነበር።

አልጋቸውን ለእኔ ለቀው እነሱ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግተው ተኙ። «ሐይቅ ዳር መሬቱ ይሞቃል» አሉ ጋሽ አበራ። ውሸታቸውን ነበር።

ቅዳሜ

ይህን ቀን ሳልዘል ለመጻፍ እሞክራለሁ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እትዬ ሙሉ ትልቁን ብረት ድስት ጥደው የዓሣ ሾርባ እየሠሩ አገኘኋቸው። ዓሣ አጥማጆቹ ሌሊቱን የጣሉትን መረብ ስበው ሲመለሱ ብርድ ይዟቸው ስለሚመጡ ሾርባውን በቆርቆሮ ኩባያ ይጠጡታል። ፒያሳ ጠዋት ማኪያቶ እንደሚጠጣው ማለት ነው፤ ቆመው፣ እየተሳደቡ፣ ትናንት ማን ምን እንደያዘ እየተበሻሸቁ። ጋሽ አበራ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የተቀደደ መረብ ይጠግናሉ። አርባ ዓመት ሱፍ የሰፉ እጆች አሁን የዓሣ መረብ ይሰፋሉ።

«ሥራው ያው ነው» አሉኝ። «ልዩነቱ፣ ዓሣ ‹እጅጌው ጠበበኝ› ብሎ አይመለስብኝም።»

ዳርቻው ላይ አባ ኮዳዎች ቆመዋል፤ ራሳቸው በራ የሆነ፣ ከአንገታቸው ሥር ከረጢት የሚያንጠለጥሉ ትልልቅ ወፎች ናቸው፤ የዓሣ ሆድ ዕቃ ይጠብቃሉ። እትዬ ሙሉ «የእድራችሁ ሽማግሌዎች» አሏቸው። እኔ አልሳቅሁም። «ምን ሆንሽ? ድሮ ተጫዋች ነበርሽ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በሆነው ባልሆነው ሳቅሁ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን እጃቸውን አደራርቀው ስልካቸውን አነሡ። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር፤ ሁለቱ እህትማማቾች ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ይደዋወላሉ። አንደኛዋ ሳምንቱን ሙሉ የሆነውን ከምግቡ ጀምራ ትናገራለች፤ ሌላኛዋ ታዳምጣለች። ከተለያዩ ጀምሮ አንድም ቅዳሜ አልተቋረጠም።

«አይሄድም» አሉ እትዬ ሙሉ፣ ስልኩን ከጆሯቸው እያራቁ።

«ኔትወርክ ይሆናል» አልኩ። «ደግሞም የእትዬ ዘነበች ስልክ ተበላሽቷል። ሊሠራላቸው ብርሃኑ ወስዶታል።»

«ትናንት አትነግሪኝም ነበር?»

«ረስቼው ነው።»

«በእናትሽ ስልክ ላግኛታ።»

«እማዬ ገበያ ወጥታለች።»

ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ነበረኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለመምህራን ጥያቄ እንዲህ ፈጥኜ መልሼ አላውቅም። እትዬ ሙሉ ትንሽ አሰቡና የእኔን ስልክ እያመለከቱ «እንግዲያው ቅረጪኝና ስትሄጂ ታሳያታለሽ» አሉ። ሻሻቸውን አስተካከሉ፤ ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጡ።

«ዘኑዬ፣ ይኸው ሜሮን መጥታልኛለች። አንቺ ግን ‹ዛሬ ነገ› እያልሽ ቀረሽ። ፍልሰታ ሳምንት ነው የቀረው፤ ደሴቱ ላይ ያለው ገዳም እንሄዳለን ብለሻል፣ ቃልሽ ነው። ጉልበቴ ካልሽ አበራ አዝሎ ያሻግርሻል።» ጋሽ አበራ ከዛፉ ሥር «ክብደቷን ልኬት ካልወሰድኩ አልፈርምም!» ብለው ጮኹ። እትዬ ሙሉ እየሳቁ ቀጠሉ፤ «በይ ተነሺ እሺ? አትተኚብኝ።»

ስልኩን ዘጋሁና ሽንት ቤት ገባሁ። እዚያ የቆየሁት ፊቴ እስኪመለስ ነው።

ከቀትር በፊት የከተማ ሰዎች መኪና እየነዱ መጡ። ቅዳሜና እሑድ እትዬ ሙሉ ዓሣ ይጠብሳሉ፤ ቆሮሶ የሚሉት የሐይቁ ዓሣ ሙሉውን ጎን ለጎን ተተልትሎ፣ ዘይት ውስጥ እስኪንኮሻኮሽ ተጠብሶ፣ ከዳጣ ጋር ይቀርባል። ለእኔ ትልቁን መረጡልኝ። አጥንቱን እየለቀሙ ያጎርሱኝ ነበር። ጎረስኩ፤ ጣፈጠኝ፤ ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

ከእንግዶቹ አንዱ ወፍራም ሰውዬ ጋሽ አበራን አይቶ ተነሣ። «እንዴ! ልብስ ሰፊው ጋሽ አበራ! የሰርግ ሱፌን የሰፉልኝ!»

«ሱፉማ ደህና ነበር፤ አንተ ነህ ያበላሸኸው» አሉ ሆዱን እየጠቆሙ።

ተቃቀፉ። ሰውዬው ተቀምጦ የፒያሳን ወሬ ያወራ ጀመር፤ የቱ ፈረሰ፣ የቱ ተሠራ። ከዚያ ጣቱን እየላሰ እንዲህ አለ፤ «ዛሬ ጠዋት ስወጣ እናንተ ሰፈር ታች ድንኳን ተጥሎ አየሁ። ማን…»

«ሰርግ ነው!» አልኩ። ጮኼ ሳይሆን አይቀርም፤ ሁሉም ዞሩ። «የሰርግ ድንኳን ነው። የ… የታችኛው ግቢ ልጅ ታገባለች።»

«በሐምሌ?» አሉ እትዬ ሙሉ፤ ዓይናቸው በራ። «በዚህ ዝናብ የሚያስቸኩል ምን መጣ? ሆዷ ነዋ!»

ሁሉም ሳቁ። ከዚያ እትዬ ሙሉ የዓሣ መገልበጫውን እንደያዙ፣ ለሰፈራቸው ድንኳን፣ ራሳቸውን ቀና አድርገው እልል አሉ። ሁለት ጊዜ። ሰውዬው እያየኝ ነበር። አንድ ነገር ሳይገባው አልቀረም፤ ጥቂት ቆይቶ ሒሳቡን ከፍሎ፣ እትዬ ሙሉን ሳይሰናበት ሄደ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ገበያው ቀዘቀዘ። ለባልና ሚስቱ የሳምንቱ ዕረፍት ይህች ሰዓት ናት። ጎረቤታቸው ባለ ጀልባው ቱፋ «አካም! ዛሬ ፈሪዎቹ ስንት ናችሁ?» እያለ ሞተሩን አስነሣ። ሦስታችንም ገባን። እትዬ ሙሉ ውኃ ይፈራሉ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው እየፈሩ ይገባሉ። ጋሽ አበራ በእጃቸው የሰፉላቸውን የመንሳፈፊያ ሰደሪያ አጠለቁላቸው።

«የፒያሳ ስፌት ነው፣ አይሰምጥም።»

«አንተ የሰፋኸው ሱሪ ለቅሶ ቤት ተተርትሮ የለ እንዴ?»

«የሰውየው ቂጥ ጥፋት ነው!»

መሐል ስንደርስ ቱፋ ሞተሩን አጠፋው። ጸጥታ። አራዳ ውስጥ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም፤ ሌሊት እንኳ አንድ ሰው ይስላል፣ አንድ በር ይንጫረራል። እትዬ ሙሉ ቀስ ብለው እጃቸውን ውኃው ውስጥ ነከሩ። ስልኬን አየሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ነበር። ከሩቅ ጉማሬ ሲተነፍስ ተሰማ፤ እትዬ ሙሉ ጮኸው ባላቸው አንገት ላይ ተጠመጠሙ፤ ከዚያ ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ጋሽ አበራም ሳቁ። ሁለት አዛውንቶች እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። በሕይወታቸው ጥሩ ከሚባሉት ቀኖች አንዱ ሳይሆን አይቀርም፤ እኔም ሳይነካባቸው እንዲያልፍ የተላክሁ መስሎኝ ነበር።

ማምሻውን ከጋሽ ክፍሌ መልእክት ደረሰኝ፤ «ቀብረን ደርሰናል። ሆቴል ነን። ጎህ ሲቀድ።» እትዬ ሙሉ ለእህታቸው የደረቀ ዓሣ በጋዜጣ ይጠቀልሉልኝ ነበር።

እሑድ

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የአጥሩ በር ተንኳኳ። እኔ ለብሼ ተቀምጬ ነበር። እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን አጣፍተው «በዚህ ሰዓት ደግሞ ማን ነው?» እያሉ ወጡ። በሩን ሲከፍቱ ጋሽ ክፍሌ፣ ብርሃኑ፣ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ከፊት፣ ቱፋና ሚስቱ ከጎረቤቱ ሁሉ ጋር ከኋላ ቆመዋል። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር።

ሽማግሌ ጎህ ሲቀድ ለደግ ነገር አይመጣም። ማንም ሳይናገር ገባቸው። ብርሃኑን ብቻ አዩት።

«አይዞሽ ሙሉነሽ» አሉ ጋሽ ክፍሌ። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆኖ ዘነበች ዐርፋለች።»

ጋሽ አበራ በጉልበታቸው ወደቁ። ሴቶቹ እትዬ ሙሉን ሊደግፉ እጃቸውን ዘርግተው ከበቡ፤ አንዷ ውኃ ይዛለች። ሁላችንም መውደቃቸውን እየጠበቅን ነበር። አልወደቁም።

«መቼ?»

«ዓርብ።»

«ቀብሯስ?»

ጋሽ ክፍሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ትናንት። እኛ ለልብሽ ብለን…»

«በስንት ሰዓት?»

 እትዬ ሙሉ ወደ እኔ ዞሩ። ወደ ሽማግሌዎቹ ሳይሆን ወደ እኔ።

«በዘጠኝ» አልኩ።

ቀኝ እጃቸውን አነሡና አዩት፤ ውኃ ውስጥ የነከሩትን እጅ። ከዚያ ነው የጮኹት። ጎረቤቱ ሁሉ አብሮ ጮኸ፤ ደረት ተመታ፤ ጋሽ አበራ ራሳቸውን ከበሩ ጉበን ጋር ያላትሙ ነበር። እኔ ግን ያ መጀመሪያ የወጣው ጩኸት ለእህታቸው ሞት ብቻ እንዳልነበር አውቃለሁ።

ለመሄድ ስንዘጋጅ ጋሽ ክፍሌ ወደ ጎን ወስደው ትከሻዬን ያዙኝ። «አደራሽን ተወጥተሻል። ይኸው ልቧ ቻለው። ተባረኪ።» በሁለት ቀን ውስጥ ያገኘሁት ሁለተኛ ምርቃት ነው። የጋሽ አበራን ቻርጀር ከቦርሳዬ አውጥቼ በድብቅ ወደ ቦታው መለስኩ። ጋሽ አበራ በር ላይ ሆነው አዩኝ። እሳቸው ያልቀለዱበትን ነገር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሽማግሌዎቹ በተከራዩት ሚኒባስ ተመለስን። በመንገድ ላይ እትዬ ሙሉ ማን እንደገነዛት፣ ነጠላዋ የትኛው እንደነበረ፣ ፊቷን ማን እንዳየ ጠየቁ። ብርሃኑ የቻለውን መለሰ። ሞጆ አካባቢ ጋሽ ክፍሌ «ሙሉነሽ፣ ያን ጊዜ አትክልት ተራ ወድቀሽ ባናይሽ…» ብለው ጀመሩ።

«ጋሽ ክፍሌ» አሉ እትዬ ሙሉ፣ ከመስኮቱ ሳይዞሩ። «ያን ጊዜ ብወድቅም ተነሥቼ እናቴን ቀብሬያለሁ፤ ከሆስፒታል በቃሬዛ ወስደውኝ ቀብሬያለሁ። እርስዎ ሲሞቱ ለማን እንደማይነገር ከአሁኑ ያስጽፉ።»

 ከቃሊቲ በኋላ ዝናቡ ተቀበለን።

ሰፈር ከመግባታችን በፊት ቤተ ክርስቲያኑ ጋ እንዲቆም አዘዙ። መቃብሩ ትኩስ ነበር፤ ቀይ አፈር፣ ዝናብ የቦረቦረው፣ ላዩ ላይ የረጠበ አበባ። «ራሷ በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ለሁለት ተከፈሉ፤ አንዱ በዛፉ በኩል፣ አንዱ በአጥሩ በኩል አሉ። ብርሃኑ እያለቀሰ አሳያቸው። እዚያ ጭቃው ላይ ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜ አለቀሱ፤ ጋሽ አበራም ከጎናቸው ሆነው አለቀሱ።

ከዚያ «ሁላችሁም ሂዱ» አሉ። «ሜሮን ትቅር።»

ሄዱ። ጃንጥላ ልይዝላቸው ስጠጋ በእጃቸው ገፉት።

«አንቺም አልቀበርሻትም።»

«አልቀበርኳቸውም።»

«ፊደል ያስቆጠረችሽን።»

 «ይቅርታ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ ከራሴ ጆሮ እንኳ የሚደርስ አልመሰለኝም፤ ዘጋሁት። እትዬ ሙሉ አፈሩን በመዳፋቸው እያስተካከሉ ነበር።

«ቅዳሜ ቅዳሜ የዋልኩትን እነግራታለሁ» አሉ። «የትናንቷን ግን አልነገርኳትም። ልንገራትም ብል አላውቃትም። እኔ ዋልኩባት እንጂ፣ ምን ዓይነት ቀን እንደነበረች የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ንገሪያት።»

«እትዬ…»

«ከጠዋት ጀምረሽ። ለእኔ እንደነገርሽኝ ሳይሆን።»

አጠገባቸው ተንበረከክሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሾርባ እንደጣዱ ነገርኩ። ስለ አባ ኮዳዎቹ ነገርኩ። ሦስት ሰዓት ላይ እንደደወሉ፣ እኔም ስልካቸው እንዳይጠራ እንዳደረግሁ፣ ‹ተበላሽቷል› ብዬ እንደዋሸሁ፤ ‹አትተኚብኝ› እንዳሉ። ዓሣውን እንዳጎረሱኝ፣ እንደጣፈጠኝ። «ድንኳኑ የእርስዎ ነበር፣ እኔ ሰርግ ነው አልኩ፣ እህትዎ እልል አሉ፤ ሁለት ጊዜ» አልኳቸው። ድምፄን ራሴም አላውቀውም ነበር። እትዬ ሙሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር፤ ስለሌላ ሰው ቀን እንደሚሰማ ሰው።

ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስኩ፤ ጀልባው ላይ፣ ሞተሩ የጠፋበት፣ እጃቸው ውኃው ውስጥ። ቀጥሎ የሚመጣው ሳቃቸው ነው። አቆምኩ።

ዝናቡ በአፈሩ ላይ ይወርዳል።

«ቀጥይ» አሉኝ።